ሳሙኤል ኪስትለር

ሳሙኤል ስቲቨንስ ኪስትለር (መጋቢት 17 ቀን 1892 ዓ.ም. – ጥቅምት 26 ቀን 1968 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 26 ቀን 1900 እስከ ኖቬምበር 6 ቀን 1975) አሜሪካዊ ኬሚስትና የኬሚካል መሐንዲስ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ኤሮጄል የተባለውን ቁስ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሥራቱ ነው። ኤሮጄል አብዛኛው ይዘቱ፣ ብዙ ጊዜም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ አየር የሆነ በጣም ቀላል ጠጣር ነገር ሲሆን ዛሬ ካሉት ጠንካራ የሙቀት መከላከያዎች አንዱ ነው። ኪስትለር ሥራውን ያሳተመው ገና የ31 ዓመት ሰው ሳለ ቢሆንም፣ ቁሱ በሰፊው ተፈላጊ የሆነው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኪስትለር የተወለደው ከአድዋ ጦርነት አራት ዓመት በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ በምትገኘው ሴዳርቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ባለ ሱቅ ነበር። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ሳንታ ሮሳ ከተማ ተዛወረ፤ ከኬሚስትሪ ጋር የተዋወቀውም እዚያ ነው።

በ1917 ኮሌጅ ኦቭ ዘ ፓሲፊክ ሲገባ ሐሳቡ ሌላ ነበር። ቼሎ የተባለውን ትልቅ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት ሊማርና በግብርና ዲግሪ ሊይዝ አስቦ ነበር። ሆኖም ኮሌጁ የሚሰጠውን የኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ ወስዶ ጨረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በ1921 በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1922 ደግሞ የኬሚካል ምሕንድስና ዲግሪውን አገኘ። ቼሎውን ግን ሳይማር ቀረ።

ለአጭር ጊዜ በካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ከሠራ በኋላ ወደ ማስተማር ተመለሰ። እስከ 1931 ድረስ በቀድሞው ኮሌጁ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

የመጀመሪያው ኤሮጄል

ኤሮጄልን ለመረዳት በቅድሚያ ጄል ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አብሽ ተፈጭቶ ሲዘፈዘፍና ሲመታ እንደሚያብጠው፣ ወይም ጀላቲን በውሃ ተበጥብጦ እንደሚረጋው፣ ጄል አብዛኛው ክፍሉ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ እንደ ጠጣር ቅርጹን ይዞ ይቆማል። በዘመኑ የነበረው ጥያቄ ይህን ቅርጽ የሚይዘው ምንድን ነው የሚል ነበር። ኪስትለር በጄል ውስጥ እንደ ስፖንጅ የተያያዘ ጠጣር አጥንት እንዳለ፣ ፈሳሹም በዚያ አጥንት ቀዳዳዎች ውስጥ የተቀመጠ ብቻ እንደሆነ ያምን ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ፈሳሹን አውጥቶ በምትኩ አየር ማስገባት መቻል አለበት።

ችግሩ ጄል ሲደርቅ የሚሆነው ነው። የረጠበ ጭቃ ፀሐይ ሲመታው እየጠበበ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ ጄልም ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ከመጀመሪያው መጠኑ የሚቀረው ትንሽ ነው። ምክንያቱ የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ነው። ፈሳሹ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ እየተነነ ሲወጣ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ቀዳዳው በናኖሜትር የሚለካ ሲሆን ደግሞ ይህ ስበት ከ100 ከባቢ አየር ግፊት ሊበልጥ ስለሚችል ቀጭኑ አጥንት አይቋቋመውም።

ብዙ ጽሑፎች ታሪኩን የሚጀምሩት ኪስትለር ከጓደኛው ከቻርልስ ለርንድ ጋር ገብቶታል ከሚባለው ውርርድ ነው። ጄሉ ሳይጨማደድ ፈሳሹን በአየር የሚተካው ማን ነው ተባብለው ተወራረዱ ይባላል። ታሪኩ ለመተረክ ይጥማል፤ ነገር ግን ከውርርዱ ይልቅ የሚደንቀው ኪስትለር ችግሩን ያለፈበት መንገድ ነው።

ዘዴው የፈሳሹን ገጽ ራሱን ማጥፋት ነበር። ማንኛውም ፈሳሽ ወሳኝ ነጥብ የሚባል የሙቀትና የግፊት ልክ አለው። ከዚያ በላይ በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል። ድንበር ከሌለ የገጽ ውጥረት የለም፤ የገጽ ውጥረት ከሌለ ደግሞ ግድግዳውን የሚስብ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጄሉን ግፊት በሚችል የተዘጋ የብረት ዕቃ (አውቶክሌቭ) ውስጥ ከወሳኝ ነጥቡ በላይ አሙቆ፣ ሙቀቱ ሳይቀንስ ጋዙን ቀስ አድርጎ ማስተንፈስ ይበቃል።

በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ይህ ሐሳብ በሥራ ላይ ሌላ እንቅፋት ገጠመው። ሲሊካ ጄል የሚዘጋጀው ሶዲየም ሲሊኬትን ከአሲድ ጋር በማዋሐድ ስለሆነ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ውሃ ነው። ውሃ ወሳኝ ነጥቡ ላይ የሚደርሰው በ374 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ218 ከባቢ አየር ግፊት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ውሃ ደግሞ ሲሊካውን ራሱን ያሟሟዋል። ኪስትለር ጄሉን መጀመሪያ በውሃ አጥቦ ጨዉን አስወገደ፤ ከዚያም ውሃውን ደረጃ በደረጃ በአልኮል ተካው። ኤታኖል ወሳኝ ነጥቡ 241 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የሚፈልገው ግፊትም ከ60 ከባቢ አየር ብዙም አይበልጥም፤ ሲሊካንም አያሟሟም። አውቶክሌቩ ሲከፈት ጄሉ ቅርጹንና መጠኑን እንደያዘ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ፈሳሽ ብቻ በአየር ተተክቷል።

ውጤቱን በ1931 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ አስታወቀ። ሥራው የት እንደተከናወነ ጸሐፊዎች አይስማሙም። አንዳንዶቹ በፓሲፊክ ኮሌጅ ሳለ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ኮሌጁ ለዚህ የሚበቃ መሣሪያ ስላልነበረው በኢሊኖይ መሆን አለበት ብለው ይከራከራሉ። በሲሊካ ብቻም አልቆመም። ከአልሙኒየም፣ ከብረት፣ ከቆርቆሮና ከተንግስተን ኦክሳይዶች፣ ከሴሉሎስ፣ ከጀላቲን፣ ከአጋር፣ ከእንቁላል ነጭ ጭምር ኤሮጄል ሠርቷል። ይህ ጨዋታ አልነበረም። ከእንቁላልም ከብረት ኦክሳይድም የሚሠራ ከሆነ ጠጣር አጥንት መኖሩ የሲሊካ ብቻ ሳይሆን የጄሎች ሁሉ ጠባይ ነው ማለት ነውና።

ሙቀትን የሚያግደው እንዴት ነው

ኪስትለር በ1934 እና በ1935 ባወጣቸው ጽሑፎች ሲሊካ ኤሮጄል ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ለክቶ አሳተመ። የኤሮጄል ሙቀት መከላከያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ራሱ ሙቀት ስላለው አይደለም፤ በክሮቹና በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። የቆመ አየር ሙቀት የሚያስተላልፈው በጣም ትንሽ ነው። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ የሚኖሩት ዶርዜዎች በሽመናም በቤት አሠራርም በዚህ ባሕርይ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ከቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ሽፋን የሚከደነው ረጅሙ ቤታቸው በውስጡ ብዙ አየር ይይዛል። የድንጋይ ሱፍ፣ የመስታወት ሱፍና ፎም የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም እነዚህ ሁሉ በተለመደው አሠራራቸው ከቆመው አየር ከራሱ በታች መውረድ አይችሉም። የቆመ አየር ሙቀት አስተላላፊነት በክፍል ሙቀት 0.025 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ ሲሆን የድንጋይ ሱፍ ከ0.035 እስከ 0.040 ነው።

ኤሮጄል ይህን ወለል ይሰብራል። አየር ሙቀት የሚያሻግረው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ኃይል ሲቀባበሉ ነው። በተለመደው ግፊት አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር እስኪጋጭ በአማካይ 70 ናኖሜትር ያህል ይጓዛል። የሲሊካ ኤሮጄል ቀዳዳዎች ግን በብዛት ከዚህ ያነሱ ስለሆኑ ሞለኪውሉ ጓደኛውን ሳያገኝ ከግድግዳ ጋር ይላተማል። በዚህም የተነሳ በኤሮጄል ውስጥ የታሰረ አየር ከነፃ አየር ያነሰ ሙቀት ያስተላልፋል። የሲሊካው አጥንትም ቀጭንና ጠመዝማዛ ስለሆነ በእሱ በኩል የሚያልፈው ሙቀት ጥቂት ነው። ጥሩ ሲሊካ ኤሮጄል ከ0.013 እስከ 0.020 ይደርሳል፤ ማለትም ከድንጋይ ሱፍ ጋር እኩል ለመከላከል ግማሽ ያህል ውፍረት ይበቃዋል።

ሦስተኛው የሙቀት መንገድ ጨረር ነው፤ ኤሮጄል ደካማ የሆነውም እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ከፍ ሲል ንጹሕ ሲሊካ የታሕታይ ቀይ ጨረርን በከፊል ያሳልፋል። ይህን ለማገድ የካርቦን ጥላሸት ወይም ቲታኒየም ኦክሳይድ ይቀላቀልበታል።

ኢንዱስትሪና ሳንቶሴል

በ1935 ኪስትለር ዩኒቨርሲቲውን ትቶ በማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ በሚገኘው ኖርተን ኩባንያ ተቀጠረ። ኖርተን የመሞረጃና የማለስለሻ ድንጋይ አምራች ነው። ኤሮጄል የሚሠራበት ዘዴ ፓተንት የተሰጠው በ1937 ሲሆን፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሞንሳንቶ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት በማሳቹሴትስ፣ ኤቨረት ከተማ ማምረት ተጀመረ። ምርቱ ሳንቶሴል የሚል የንግድ ስም ነበረው፤ በጥራጥሬና በዱቄት መልክ የሚሸጥ ሲሊካ ኤሮጄል ነው።

ሳንቶሴል የማቀዝቀዣ ሣጥኖች ግድግዳ ውስጥ እንደ ሙቀት መከላከያ ተሞልቷል። ከዚያ ውጭ የገባባቸው ቦታዎች ከኪስትለር ምርምር ጋር ብዙም አይገናኙም፤ ቀለም እንዳያብረቀርቅ ማድረጊያ፣ የመዋቢያ ቅባትና የጥርስ ሳሙና ማወፈሪያ፣ የሲጋራ ማጣሪያ። ለናፓልም ማወፈሪያም ውሏል። ናፓልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሞችን ያቃጠለ፣ የተጠጋጋ ቤንዚን ነው። የኤሮጄልን ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች በማርስ ላይ የዋለበትን እንጂ ይህን ሲያነሱ ብዙ አይታይም።

ምርቱ በ1970 ቆመ። አሠራሩ ረጅምና ውድ ነበር፤ ማጠብ፣ በአልኮል መተካት፣ በከፍተኛ ግፊት ማድረቅ ይፈልጋል። በነበልባል የሚሠራው ጭስ ሲሊካ ለቀለምና ለማወፈሪያ እኩል አገልግሎት በርካሽ ይሰጥ ስለነበር ሳንቶሴል መወዳደር አልቻለም።

ዩታና የመስታወት ሥራ

በ1952 ኪስትለር ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ኮሌጅ ዲን ሆነ። ከዚህ ዘመን የቀረው አንድ ሥራ ከኤሮጄል ያነሰ ይታወቃል፤ ምናልባት ግን ከኤሮጄል ይልቅ ለብዙ ሰው እጅ የቀረበ ነው። በ1962 በአሜሪካ የሴራሚክ ማኅበር መጽሔት ላይ ባሳተመው ጥናት፣ ሶዲየም ያለበትን መስታወት በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ማቆየት በመስታወቱ ላይ ምን ዓይነት ውጥረት እንደሚፈጥር አሳየ። ከመስታወቱ ገጽ የሶዲየም አዮኖች ይወጡና በቦታቸው ከእነሱ የሚተልቁት የፖታሲየም አዮኖች ይገባሉ። ትልልቆቹ አዮኖች በጠባብ ቦታ ሲጨናነቁ የመስታወቱ ገጽ ይጨመቃል፤ የተጨመቀ ገጽ ደግሞ በቀላሉ አይሰነጠቅም። የዛሬው የስማርት ስልክ ስክሪን መስታወት የሚጠነክረው በዚሁ መርህ ነው።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ላየ ሰው አስተሳሰቡ አንድ ዓይነት ነው። በ1931 ከጄል ውስጥ ፈሳሽ አውጥቶ አየር ተካ፤ በ1962 ከመስታወት ውስጥ አንዱን አዮን አውጥቶ ሌላውን ተካ። በሁለቱም ያልተነካው ተሸካሚው መዋቅር ነው።

ኪስትለር በ75 ዓመቱ በሶልት ሌክ ሲቲ አረፈ። በዚያን ጊዜ ሳንቶሴል ከገበያ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ኤሮጄልን መልሶ ያነሳው በፈረንሳይ፣ ሊዮን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የስታኒስላስ ታይሽነር ቡድን ነው። ቡድኑ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሶዲየም ሲሊኬት ፋንታ የሲሊኮን አልኮክሳይድ መጠቀም ጀመረ። ጄሉ ከመጀመሪያው አልኮል ውስጥ ስለሚረጋ ጨው የማጠቡና ውሃ የመተካቱ ረጅም ሥራ ቀረ። ከዚያ በኋላ የኒውክሌር ፊዚክስ ተመራማሪዎች ግልጽ የሆኑ ትልልቅ የኤሮጄል ጡቦችን ለቅንጣት መለያ መሣሪያዎቻቸው ፈለጉ።

ዘዴው አደገኛ ጎን ነበረው፤ ተቀጣጣይ አልኮል በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይዞ መቀመጥ ነው። በ1984 በስዊድን ሾቦ ከተማ በሚገኝ የኤሮጄል ፋብሪካ ሜታኖል ከአውቶክሌቭ አፈትልኮ በመፈንዳቱ ሕንጻው ወደመ። በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ፣ በርክሊ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች አልኮሉን በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክተው ማድረቅን አሳዩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወሳኝ ነጥቡ 31 ዲግሪ ብቻ ነው፤ አይቀጣጠልምም። በ1990ዎቹ ደግሞ የጄሉን ግድግዳ በሲሊኮን ውህድ በማከም ያለ ምንም ከፍተኛ ግፊት የማድረቅ ዘዴ መጣ። የታከመው ጄል ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ግድግዳዎቹ ግን ስለማይጣበቁ መልሶ ይለጠጣል።

የኤሮጄል ዓይነቶች

ዛሬም በብዛት የሚመረተው ሲሊካ ኤሮጄል ነው። በገበያ የሚገኘው በሦስት መልክ ነው። ግልጽ ወይም ሰማያዊ ጥላ ያለው ጡብ ለምርምር ይውላል፤ በፎቶግራፍ ላይ የሚታየው እሱ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ግን ይሰባበራል። ጥራጥሬው በሁለት የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ገጾች መካከል እየተሞላ ብርሃን አስገብቶ ሙቀት የሚያግድ መስኮትና ጣሪያ ይሠራበታል። ሦስተኛው፣ ለኢንዱስትሪ ዋናው፣ ብርድ ልብስ የሚባለው ነው፤ ጄሉ ከመድረቁ በፊት በቃጫ ምንጣፍ ውስጥ እንዲረጋ ይደረጋል። ሲደርቅ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍና በመቀስ የሚቆረጥ መከላከያ ይሆናል። ለከፍተኛ ሙቀት የተሠሩት እስከ 650 ዲግሪ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ለሆነ ሙቀት የአልሙኒየም ኦክሳይድ ኤሮጄል ይመረጣል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ ሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ከሬዞርሲኖልና ከፎርማልዴሃይድ የተሠራ ኤሮጄል ቀረበ። ይህ አየር በሌለበት ሲቃጠል ወደ ካርቦን ኤሮጄል ይለወጣል፤ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ለሱፐርካፓሲተር ይጠቅማል። ፖሊኢማይድ ኤሮጄል ሳይሰበር ይታጠፋል። በ2013 በቻይና፣ ዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የግራፊን ኤሮጄል በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.16 ሚሊግራም ብቻ ነበር፤ በውስጡ ያለው አየር ሳይቆጠር ማለት ነው። ከሴሉሎስ፣ ከስታርችና ከፔክቲን የሚሠሩትም አሉ፤ ኪስትለር በ1930ዎቹ የሞከራቸው የዕፅዋትና የእንስሳት ጄሎች ዘመዶች ናቸው።

አጠቃቀም

በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ሶጆርነር የተባለች ትንሽ ተሽከርካሪ ኤሌክትሮኒክስዋ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ የተጠበቀው በሲሊካ ኤሮጄል ነው። ስታርደስት የተባለው መንኩራኩር በ2004 ዋይልድ 2 በተባለው ጅራታም ኮከብ አጠገብ ሲያልፍ ብናኙን በኤሮጄል ሰብስቦ በ2006 ወደ ምድር አደረሰ። በሰከንድ 6 ኪሎሜትር የሚበር ቅንጣት በጠጣር ነገር ላይ ቢመታ ይተንና ይጠፋል፤ በኤሮጄል ውስጥ ግን ቀስ በቀስ እየዘገየ ይቆማል።

በምድር ላይ ዋናው ተጠቃሚ የነዳጅና የጋዝ ኢንዱስትሪ ነው። በ2001 የተመሠረተው አስፐን ኤሮጄልስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብርድ ልብሱን በስፋት ለገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን፣ የማጣሪያ ቧንቧዎችና የፈሳሽ ጋዝ መስመሮች በእንዲህ ዓይነቱ ምርት ይጠቀለላሉ። በአውሮፓ ግድግዳቸው ሊወፍር የማይችል አሮጌ ሕንጻዎች በኤሮጄል ሰሌዳና ልስን ይታደሳሉ።

ዋጋው አሁንም ከድንጋይ ሱፍ ብዙ እጥፍ ነው። በምዕራብ ዓባያ ወይም በአርባ ምንጭ ቆላ ቆርቆሮ ጣሪያ ላለው ቤት ኤሮጄል መፍትሔ አይደለም፤ ኮርኒስ ማበጀትና አየር ማስወጫ መክፈት በትንሽ ወጪ ብዙ ሙቀት ያስቀራል። ኤሮጄል የሚያዋጣው ቦታ ሲጠብ ወይም ክብደት ሲከለከል ነው።

እንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው። ከብዙ ሕዋሶች አንዱ ከልክ በላይ ሞቆ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ወደ ጎረቤቶቹ ከተሻገረ ባትሪው በሙሉ ይነዳል። በሕዋሶቹ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የኤሮጄል ስስ ሰሌዳ ይገባና መሻገሩን ያዘገያል፤ ተሳፋሪዎች ለመውረድ ጊዜ ያገኛሉ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዶቿ ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ሰሌዳው በአንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በሌሎቹ ደግሞ ሚካ ወይም የሴራሚክ ቃጫ ይገባል።